ፖሊስተር ላብ እንዲጠጣ፣ እድፍ እንዲለቅ ምን ይደረግ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጅማ ሂርማታ አካባቢ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የስፖርት ማሊያ ይሰፋሉ፤ ጨርቃቸው መቶ በመቶ ፖሊስተር ነው። ደንበኞቻቸው ላብ አይጠጣም፣ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ቅቤ ወይም የወጥ ዘይት ከነካው አይለቅም እያሉ ያማርራሉ። ከአዲስ አበባ «የሲሊኮን ሶፍትነር» አስመጥተው በባልዲ በጥብጠው ነከሩበት። ጨርቁ ለሰለሰ፤ ግን ውሃ ጭራሽ ላዩ ላይ እየተንከባለለ መውረድ ጀመረ፣ ነጩ ማሊያ ሂት ፕሬስ (በሙቀት የሚጫን ማሽን) ውስጥ ሲገባ ወየበ፣ ጥቁር ሰማያዊው ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ነጠብጣብ ወጣ፣ ልስላሴውም ከሦስት እጥበት አላለፈም። «ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? በትንሽ ዎርክሾፕ የሚቻለው ምንድን ነው? ለክረምቱስ ዝናብ የማያሳልፍ ላደርገው እችላለሁ?» ይላሉ።

ስህተቱ አንድ ሳይሆን አራት ነው፤ አራቱም አንድ ባልዲ ውስጥ ተገናኙ። ጨርቁ የፋብሪካ ዘይቱን እንደያዘ ገባ። የተመረጠው ኬሚካል ከተፈለገው ውጤት ጋር ተቃራኒ ነበር። መጠኑ በዓይን ግምት ሆነ። ሙቀቱ ደግሞ ሙቀት በማይችል ኬሚካል ላይ አረፈ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙውን የሚያድነው ጥሩ እጥበትና አንድ ተስማሚ ኬሚካል ነው። የዝናቡን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ክሩን እንወቀው። 20 ዲግሪ ሙቀትና 65 በመቶ የአየር እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ጥጥ ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ ፖሊስተር 0.4 በመቶ ብቻ። የፖሊስተር ሞለኪውሎች ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ ናቸው፤ ጥጥ እንዳለው ያለ ውሃን የሚጨብጥ እጅም የላቸውም። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ክሩ እንደ ተዘጋ በር ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ባልዲ የነከሩት ነገር ሁሉ ክሩ ላይ ይለበጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የተለበጠ ነገር ደግሞ በሳሙናና በመታሸት ይነሳል። ልባጩ እንዲቆይ ከሥሩ ያለው ክር ንጹሕ መሆን አለበት፣ ኬሚካሉ ራሱ የፖሊስተር ዘመድ የሆነ ክፍል ሊኖረው ይገባል፣ በመጨረሻም ሁለቱን የሚያጣብቅ ሙቀት ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሦስት እጥበት ላይ ያልቃል።

ሌላው ቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር፣ አንድ የክር ገጽ ውሃ ወዳድ ወይም ውሃ ጠል ይሆናል እንጂ ሁለቱንም አይሆንም። ሻጩ «ያለሰልሳል፣ ላብ ያስጠጣል፣ ውሃም ይመልሳል» ካለዎት አንዱ ውሸት ነው። ለማሊያና ለዩኒፎርም የሚበጀው ውሃ ወዳዱ ነው።

የገዙት ሶፍትነር ምልክቶቹ ሁሉ አሚኖ ሲሊኮን መሆኑን ይናገራሉ። ሲሊኮን ዘይት ነው፤ ክሩ ላይ ስስ ሆኖ ይዘረጋና ጣት ላይ ሙልጭልጭ የሚል ልስላሴ ይሰጣል፤ ያው ስስ ልባጭ ግን ውሃን ያባርራል። በላዩ ያለው የአሚን ክፍል ደግሞ ሂት ፕሬስ ላይ ኦክስጅን ሲያገኘው ይቀየርና ቢጫ ይሆናል፤ ነጭ ላይ ያዩት እሱን ነው። በረኪና ከተጨመረበት ይብሳል፤ ክሎሪን ከአሚን ጋር ተዋሕዶ ራሱን የቻለ ቢጫ ያመጣል። ነጠብጣቡ የሌላ ነገር ውጤት ነው። እንዲህ ያለው ሶፍትነር እንደ ወተት በውሃ ውስጥ የተበተነ ዘይት ነው፤ እንደ ወተትም ይፈርሳል። የሚያፈርሰው ከጨርቁ ያልለቀቀ የዱቄት ሳሙና፣ የሶዳ ቅሪት፣ ጨው፣ የበዛ ሙቀት፣ ወይም ቶሎ ቶሎ እየተመታ መበጥበጡ ነው። የፈረሰው ዘይት ተሰባስቦ ጠብታ ይሆንና ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ደግሞ አንድም ጠብታ አይደበቅም።

አሁን ወደ ሥራው። በዚህ ሙያ ሰው የሚዘለው እጥበቱን ነው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ቢያጠፉ አልቃወምም። አዲስ የሹራብ ሽመና ፖሊስተር ክሩ ሲፈተል የተቀባውን ቅባትና የማሽኑን ዘይት ይዞ ይመጣል። ዘይቱ ሳይወጣ የሚያስገቡት ኬሚካል የሚጣበቀው ዘይቱ ላይ ነው።

ለ1 ኪሎ ጨርቅ 10 ሊትር ውሃ ይያዙ። በየሊትሩ ከ1 እስከ 2 ግራም ኖንአዮኒክ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው) ማጠቢያ እና ከ1 እስከ 2 ግራም ሶዳ አሽ (የማጠቢያ ሶዳ፣ ሶዲየም ካርቦኔት) ይጨምሩ። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አድርሰው፣ እያገላበጡ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩ። ቴርሞሜትር ይግዙ፤ «ፈላ» ብሎ ነገር እዚህ አይሠራም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለእጥበቱ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ለማቅለም ያሰበ ሰው ግን ይወቀው። ፖሊስተር የሚቀለምበት ዲስፐርስ ቀለም በደንብ የሚገባው በ130 ዲግሪ፣ በግፊት በሚሠራ ዝግ ማሽን ነው፤ ክፍት ድስት ላይ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የሚባል ነገር አይወጣም።

እጥበቱ ሲያልቅ ትኩሱን ጨርቅ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይክተቱ። ትኩስ ፖሊስተር እንደታጠፈ በድንገት ከቀዘቀዘ እጥፋቱ ካውያ የማያወጣው ጭረት ሆኖ ይቀራል። ቀዝቃዛ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ያውርዱት፣ ከዚያ ያፍስሱ። በሞቀ ውሃ አንድ ጊዜ፣ በቀዝቃዛ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ።

ኖንአዮኒክ ማጠቢያ ካላገኙ የተለመደው የዱቄት ሳሙና ዘይቱን ያወጣል፤ ግን አኒዮኒክ (ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው) ስለሆነ ቅሪቱ በኋላ ከሚመጣው ካቲዮኒክ (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው) ሶፍትነር ጋር ሲገናኝ እንደ አይብ ይቋጠራል። ሳሙናው ሙልጭ ብሎ መውጣቱን የሚያረጋግጡበት ቀላል መንገድ አለ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሹ ሞልተው አሥር ጊዜ ይነቅንቁት። አረፋው ከአንድ ደቂቃ በኋላም ካለ እንደገና ያለቅልቁ። በመጨረሻው ውሃ ላይ በየሊትሩ ግማሽ ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ፣ ወይም ከሱቅ የሚገዛ 5 በመቶ ኮምጣጤ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይጨምሩና ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) 5 እና 6 መካከል መሆኑን በፒኤች ወረቀት ይፈትሹ። ሶዳው ያልሞተለት ጨርቅ የሚቀጥለውን ኬሚካል ሁሉ ያበላሻል።

ጨርቁ ሲደርቅ የጠብታ ሙከራ ይሥሩ። ጨርቁን በጽዋ አፍ ላይ ወጥረው ከ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በሲሪንጅ አንድ ጠብታ ይጣሉበት፤ የጠብታው ብልጭታ እስኪጠፋ ሰከንድ ይቁጠሩ። አምስት ቦታ ላይ ያድርጉት። የአምስቱ ቁጥር እጅግ ከተራራቀ፣ ለምሳሌ አንዱ 4 ሰከንድ ሌላው 40 ከሆነ፣ ዘይት ያልለቀቀው ቦታ አለና ወደ ኬሚካሉ አይሂዱ። አንዳንድ ጨርቅ በንጹሕ እጥበት ብቻ ለውጡ ስለሚያስገርም ሌላ ነገር ሳይገዙ ሊያቆሙ ይችላሉ።

የሚገዙት ኬሚካል በገበያ «ሃይድሮፊሊክ ፊኒሽ» ወይም «ሶይል ሪሊዝ» እየተባለ የሚሸጠው ዓይነት ነው። ውስጡ ሁለት ባሕርይ ያለው ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ክፍል ራሱ ፖሊስተር ስለሆነ ከክሩ ጋር ዘመድ ለዘመድ ይያያዛል፣ ሌላው ፖሊኢተር የሚባለው ክፍል ወደ ውጭ ቆሞ ውሃ ይጠራል። ላብ የሚሰራጨውም እድፍ የሚለቀውም በዚህ አንድ ልባጭ ነው፤ ሁለት ኬሚካል አይግዙ። ቅቤና ዘይት ፖሊስተርን የሚወዱት ክሩ ራሱ የዘይት ወገን ስለሆነ ነው። ይህ ልባጭ ካለ ግን በማጠቢያው ውሃ ያብጥና ውሃ በዘይቱ ሥር እንዲገባ መንገድ ይከፍታል፤ ዘይቱ ተጠቅልሎ ይነሳል። ጅማ ላይ ስላለን ቡናውንም ልጥቀስ፦ ጥቁር ቡና ከፖሊስተር ላይ ከጥጥ ይልቅ በቀላሉ ይለቃል። አስቸጋሪው «ቡና ቀላ» የሚባለው በቅቤ የሚሠራው ቡና ነው፤ የሚያስቸግረውም ቡናው ሳይሆን ቅቤው።

ሲገዙ የምርቱን ቴክኒካል ዳታ ሺት ይጠይቁ፤ ሦስት ነገር ይፈልጉበት፦ የአዮን ባሕርዩ (ኖንአዮኒክ ቢሆን ይመረጣል)፣ የጠጣር መጠኑ በመቶኛ፣ እና የሚያስፈልገው ሙቀት። ጠጣሩ 10 በመቶ የሆነና 20 በመቶ የሆነ ሁለት ጀሪካን ዋጋቸው ቢመሳሰል እንኳ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ግማሹ ተጨማሪ ውሃ ነው። ወረቀቱን ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ዘንድ አይግዙ።

ለ4 ኪሎ ጨርቅ አሠራሩ እንዲህ ነው። 40 ሊትር ንጹሕ ውሃ በ40 ዲግሪ አዘጋጅተው ፒኤቹን በአሴቲክ አሲድ ወደ 5 ያውርዱ። የጨርቁን 3 በመቶ፣ ማለትም 120 ግራም ኬሚካል መዝነው፣ በሌላ ዕቃ 1 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርገው ይበጥብጡት፤ ጀሪካኑን በቀጥታ ጨርቁ ላይ ማፍሰስ የነጠብጣብ እናት ነው። የታጠበውንና እኩል የረጠበውን ጨርቅ ያስገቡ፣ እያገላበጡ ብጥብጡን በሦስት ጊዜ ከፍለው ይጨምሩ። በየደቂቃው 2 ዲግሪ ያህል እያሳደጉ 80 ያድርሱትና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆዩ። ክሩ መከፈት የሚጀምረው እዚህ ሙቀት ላይ ስለሆነ ጊዜውን አያሳጥሩ። ቀስ ብለው አቀዝቅዘው አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁና ያጠንፍፉ።

ሁለተኛው መንገድ ፋብሪካ በፓደር (ጨርቅ ነክሮ በሮለር በሚጨምቅ ማሽን) የሚሠራውን በሁለት ገንዳው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስመሰል ነው፤ ጨርቁን ነክሮ በማሽኑ መጭመቂያ እኩል መጭመቅ። እዚህ ላይ ሂሳብ ያስፈልጋል። ግማሽ ኪሎ ደረቅ ጨርቅ ይመዝኑ፣ በንጹሕ ውሃ ይንከሩት፣ ማሽኑ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ያሽከርክሩት፣ እንደገና ይመዝኑ። 500 ግራሙ 750 ከሆነ ጨርቁ 250 ግራም ውሃ ይዞ ቀርቷል፤ የክብደቱ 50 በመቶ ማለት ነው። ባለሙያዎች ይህን ፒክአፕ ይሉታል። ጨርቁ ላይ 2 በመቶ ኬሚካል እንዲቀር ከፈለጉ ለ500 ግራሙ 10 ግራም ያስፈልጋል፤ ያ 10 ግራም የሚመጣው በ250 ግራም ውሃ ተሸክሞ ነው፤ ስለዚህ ብጥብጡ በሊትር 40 ግራም መሆን አለበት። ማሽኑን ለሁለት ደቂቃ ካሽከረከሩት ፒክአፑ ይወርዳል፣ 40 ግራሙም አይበቃም። ጊዜውን በሰዓት ይያዙ እንጂ በስሜት አይሥሩ። በዚህ መንገድ ብጥብጡ ውስጥ የሚገባው ጨርቅ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከገባ ብጥብጡን እያቀጠነ ስለሚሄድ የመጨረሻው ማሊያ ከመጀመሪያው ያነሰ ያገኛል።

አደራረቁም ይታሰብበት። ነክረው ጨምቀው ገመድ ላይ ቀጥ አድርገው ቢሰቅሉት ብጥብጡ በስበት ወደ ታች ይወርዳል፤ ላይኛው ትከሻ ባዶ፣ ታችኛው ጠርዝ ገተር ያለና ነጣ ያለ መስመር ይሆናል። ወንፊት መረብ ላይ አንጥፈው በየግማሽ ሰዓቱ ይገልብጡት። በክረምት በጅማ እርጥበት ነገሩ ስለሚጓተት ቬንትሌተር ያድርጉበት።

ከዚያ ሙቀት ነው። ፋብሪካ ስቴንተር (ጨርቅ ወጥሮ በሙቅ አየር የሚያደርቅ ማሽን) ላይ ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ለግማሽ ደቂቃ ያሳልፈዋል። እርስዎ ያለዎት ሂት ፕሬስ ነው፤ 160 ዲግሪ፣ 30 ሰከንድ፣ በቀላል ጫና፣ ከላይ የቴፍሎን ጨርቅ አድርገው። በዚህ መንገድ የተሠራው በ130 ዲግሪ ከቀለሙ ጋር አብሮ የተሠራውን ያህል ዕድሜ አይኖረውም፤ በባልዲ ከነከሩት ግን እጅግ ይበልጣል። ሂት ፕሬስ ከመንካትዎ በፊት ሁለት ነገር ይፈትሹ። የመጀመሪያው መጨማተር ነው፤ ከጨርቁ ቁራጭ ላይ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር በእስክሪብቶ አስምረው ይጫኑት፣ ሲቀዘቅዝ ይለኩ። 19.4 በታች ከሆነ፣ ማለትም ከ3 በመቶ በላይ ከተሰበሰበ፣ ፋብሪካው ጨርቁን በሙቀት አላጸናውም፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ከመቁረጥዎ በፊት በጥቅሉ ላይ ይሥሩ እንጂ በተሰፋው ላይ አይሞክሩ።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ዲስፐርስ ቀለም ክሩ ውስጥ የተቀመጠው በኬሚካል ትስስር ሳይሆን ሟሟቶ ነው። ሙቀቱ ከ150 ሲያልፍ ክሩ ይላላና ቀለሙ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ላዩ ላይ የሲሊኮን ወይም የበዛ ሶፍትነር ልባጭ ካገኘ ልባጩ ውስጥ መኖር ከክሩ ይልቅ ይመቸዋልና ወደ ውጭ ይወጣል። ሲወጣ በዓይን አይታይም። የሚታየው በመጀመሪያው እጥበት፣ ጥቁር ሰማያዊው ሱሪ የነጩን ሸሚዝ ኮሌታ ሲያቀልም ነው። ሰው ቀለሙን ይረግማል፤ ጥፋተኛው ግን በኋላ የተጨመረው ሶፍትነርና ሙቀት ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ቀይና ጥቁር በዚህ ይታወቃሉ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ነጭ የጥጥ ቁራጭ በጣትዎ ጠቅልለው በተጫነው ጨርቅ ላይ አሥር ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይሹት፣ አንዴ በደረቁ፣ አንዴ ረጥቦ። ሳይጫን ካለው ጋር ያስተያዩ። ነጩ ቁራጭ ይበልጥ ቀለም ከያዘ፣ ለዚያ ቀለም ፕሬሱን ይተዉትና በ80 ዲግሪው ማብሰል ብቻ ይብቃዎ። ካውያ ላይ የሁለት ነጥብ ምልክቱ 150 ዲግሪ፣ የሦስት ነጥቡ 200 ገደማ ነው፤ ፖሊስተር በካውያ ሲተኮስ ከሁለት ነጥብ ማለፍ የለበትም።

ማሊያ ላይ ቁጥርና ስም የሚያትሙ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሲሊኮን የነካው ጨርቅ ላይ በሙቀት የሚለጠፍ ቪኒል በአግባቡ አይዝም፤ ለጊዜው ተለጥፎ በእጥበት ይላጣል። ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ተንኖ ክሩ ውስጥ የሚገባበት ኅትመት) የሚያትሙም ሂት ፕሬሱን ወደ 200 ዲግሪ ስለሚያደርሱት፣ ኅትመቱን አስቀድመው ውሃ ወዳዱን በ80 ዲግሪ ማብሰል፣ ፕሬሱንም መተው ይሻላል።

ልስላሴውስ? ለማሊያ ሶፍትነር አልመክርም። ሻካራነቱ ብዙ ጊዜ ያልለቀቀ ዘይትና ያልተለቀለቀ ሳሙና ነው፤ እሱ ሲወጣ ጨርቁ በራሱ ይፍታታል። የግድ ካሉ «ሃይድሮፊሊክ ሲሊኮን» የሚባለውን፣ ፖሊኢተር የተጨመረበትን፣ ከጨርቁ 1 በመቶ ብቻ፣ በ40 ዲግሪ፣ በፒኤች 5፣ ለ20 ደቂቃ ይስጡት። ከውሃ ወዳዱ ጋር በአንድ ላይ ከማዋሐድዎ በፊት ሁለቱን በሥራ መጠናቸው በብርጭቆ ቀላቅለው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆዩ። ላዩ ላይ ስልባቦት ወይም ጠርዙ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ አይስማሙም። ለደንበኛዎም ይንገሩ፦ ቤት ውስጥ በመጨረሻው ማለቅለቂያ የሚጨመረው ሽታ ያለው የልብስ ማለስለሻ ይህን ሁሉ ሥራ ይሸፍነዋል።

ገላ ላይ መለጠፉ በላብ ብቻ አይደለም። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ የዩኒፎርም ቀሚስ እግር ላይ የሚጠመጠመው በመፈተግ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ውሃ ወዳዱ ልባጭ ከአየሩ እርጥበት ስቦ ቻርጁን ያሸሻል፤ አየሩ እጅግ ሲደርቅ ግን እሱም ይደክማል። ለብቻው የሚሸጠው አንቲስታቲክ በአብዛኛው በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሄድ ለዩኒፎርም ገንዘብ አያውጡበት። ቀሚሱን በጥጥ ገበር መስፋት ይበልጣል።

የተበላሸውን ክምር በተመለከተ፦ ነጠብጣብ ያለበትን በየሊትሩ ከ3 እስከ 5 ግራም ኖንአዮኒክ ማጠቢያና ከ3 እስከ 5 ግራም ሶዳ አሽ፣ በ80 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ያጥቡ፤ አስፈላጊ ከሆነ ይድገሙት። ይቀንሳል፤ ሁሌ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የወየበውን ግን ወደ ነጭነቱ እመልሰዋለሁ ብለው አይድከሙ፤ በረኪናም አይሞክሩበት።

ኮስቲክ ሶዳም እንዳይነኩ፤ ይህን አስረግጬ የምለው ምክር የሚሰጥ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ጥጥ ኮስቲክን ይችላል፤ ፖሊስተርን ግን ትኩስ ኮስቲክ ከላዩ እየላጠ ይበላዋል። ፋብሪካዎች ሆን ብለው፣ ክብደቱን 10 ወይም 20 በመቶ ቀንሰው እንደ ሐር ለማድረግ ይጠቀሙበታል፤ የሚቀንሱትን በሚዛን እየተከታተሉ ነው። እርስዎ ዘንድ ያለው ጨርቅ ደግሞ ሶፍትነር የነካው ነው፤ በካቲዮኒክ ሶፍትነር ውስጥ ያለው የኳተርነሪ አሞኒየም ዓይነት ደግሞ ኮስቲኩ ፖሊስተሩን የሚበላበትን ፍጥነት ያጣድፋል። ሶፍትነሩ ያረፈበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይሳሳል፤ የዩኒፎርሙ ጉልበት በመጀመሪያው ወር ይበሳል። ለሚሠራውም ሰው ዓይን አደገኛ ነው።

ጓንትና መነጽር ለሌሎቹም ኬሚካሎች ይልበሱ፤ ሂት ፕሬሱን መስኮት ከፍተው ይጠቀሙበት። የተረፈውን ብጥብጥ ለሚቀጥለው ዙር አጎልብተው ይጨርሱት እንጂ ወደ ጎርፍ ቦይ አይድፉት፤ የከተማው ቦይ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው፣ የካቲዮኒክ ኬሚካሎች ደግሞ ለዓሣ መርዝ ናቸው።

አሁን ዝናቡ። ውሃ መላሽ ኬሚካል አለ፤ በሊትር ከ30 እስከ 80 ግራም ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጋገራል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው፣ ፍሎሪን ያለበት ዓይነት ዘይትንም ይመልስ ነበር፤ የድሮው ባለ ስምንት ካርቦን ዓይነት የሚያያዝበት ፒኤፍኦኤ የተባለው ኬሚካል ግን በ2019 (እ.ኤ.አ.) ቶሎ የማይበሰብሱ በካይ ኬሚካሎችን በሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት ከሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ዛሬ ሲገዙ ከፍሎሪን ነጻ የሆነውን፣ በሰም ወይም በሲሊኮን የተሠራውን ይጠይቁ። እሱ ውሃን እንጂ ዘይትን አይመልስም። ማጠቢያ ወይም ውሃ ወዳድ ቅሪት በጨርቁ ላይ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ ስለዚህ ላይ የዘረዘርኩትን የሠሩበት ጨርቅ ለዚህ አይሆንም።

ሥራው ቢሳካ እንኳ የሚያገኙት ውሃ የሚመልስ ጨርቅ ነው፤ ውሃ የማያሳልፍ አይደለም። በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ እንዳለ ነው። ጨርቁን በ45 ዲግሪ አጋድመው ከ15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሩብ ሊትር ውሃ በወንፊት ቢያርከፈክፉበት ጠብታው ይንከባለላል፤ ያስደስታል። ያንኑ ጨርቅ ለብሶ በሐምሌ የጅማ ዝናብ ግማሽ ሰዓት የተጓዘ ልጅ ግን ትከሻውና ቦርሳው የተጫነበት ቦታ ይበሰብሳል፤ ጫና ሲመጣ ውሃው በቀዳዳው ያልፋል፣ ስፌቱ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ በር ነው። ከጀርባው በፖሊዩሬታን የተለበጠ የፖሊስተር ጨርቅ በጥቅል ገዝተው ይስፉት። በቀጭን መርፌ፣ ረዘም ባለ ስፌት ይሥሩት፤ ስፌቱንም ከውስጥ በኩል በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ የስፌት ቴፕ ይሸፍኑት፤ ለዚህኛው ሥራ ያለዎት ሂት ፕሬስ ይበቃል።